ሞተሩ ሐይቁ መሐል እንዳይቆም

ጣና ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ የሚያሰግር ማኅበር የቀን ገቢው የሚወሰነው መረቡ በያዘው ዓሣ ብቻ አይደለም። የተያዘውን ዓሣ ሳይበላሽ ወደብ ማድረስም እኩል ይወስነዋል። ጠዋት ከመረብ የወጣ ቀረሶ በረዶ በሌለበት ጀልባ ላይ ፀሐይ ካገኘው የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ሞተሩ አልነሳም ካለ ዓሣው ይበላሻል፣ ነጋዴው ከሌላ ይገዛል፣ ለቤንዚን የወጣው ገንዘብም ሳይመለስ ይቀራል። ብልሽቱ የዓሣ ተፈላጊነት በሚጨምርበት በዐቢይ ጾም ከደረሰ ደግሞ ማኅበሩ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ገበያ ያመልጠዋል።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። የጣና ስፋት ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ያነሰ ሐይቅ ነፋስ ሲነሳበት ማዕበሉ ፈጥኖ ይነሳል፤ ሞገዱም አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ሞተሩ የቆመበት ጀልባ ፊቱን ወደ ማዕበሉ ማዞር ስለማይችል ጎኑን ሰጥቶ ይንገላታል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ጠዋት የተረጋጋ የመሰለ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ የሰው ሕይወት የሚፈትን ሊሆን ይችላል።

ለዘመናት በጣና ዓሣ ማስገር የደንገል ታንኳ ሥራ ነበር። ታንኳ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከዳር ርቆም አይሄድም፤ ሆኖም የሚበላሽ ሞተር የለውም። በ1978 ዓ.ም ገደማ በኔዘርላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ሲገቡ አስጋሪዎች ርቀው መሄድና ብዙ ዓሣ ይዘው መመለስ ቻሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሞተር የዓሣ ሥራው አንድ አካል ሆኗል። ከሞተሩ ጋር አብሮ የመጣው የጥገና ጣጣ ግን እስከ ዛሬ መልክ አልያዘም።

ጨው የሌለበት ሐይቅ

ከጀልባው ኋላ የሚታሰሩት ትንንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት የሚባሉት ናቸው። ከእነዚህ መካከል የ15 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ክብደቱ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ግራም ስለሆነ ሁለት ሰው በቀላሉ አንስቶ ከጀልባው ላይ ይፈታዋል። የውስጥ አካሉ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ዋጋውም ከባለ አራት ምቱ ያነሰ ነው። በልቀት ደንብ ምክንያት አሜሪካና አውሮፓ በካርቡራተር የሚሠሩ ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተሮችን ከአዲስ ሽያጭ ቢያስወጡም፣ ለአፍሪካና ለመሰል ገበያዎች አሁንም ይመረታሉ። በቀላሉ ተፈትተው በቀላሉ ስለሚገጠሙ ነው።

በባሕር ላይ የሚሠራ የጀልባ ሞተር ዋነኛ ጠላቱ ጨው ነው። ጨው አልሙኒየሙን ይበላል፣ የማቀዝቀዣ መተላለፊያዎችን ይደፍናል፣ ብሎኖችን ያጣብቃል። የጣና ውኃ ግን ጨው የለበትም። ስለዚህ በጣና ላይ የሚሠራ ሞተር ባሕር ላይ ከሚሠራው የረዘመ ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአገልግሎት ውጪ የሚሆን ከሆነ ምክንያቱን በአያያዙ ላይ መፈለግ ተገቢ ነው።

አያያዝ ሲባል የአስጋሪው ብቻ አይደለም። ሞተሩ ሲገዛ መለዋወጫ አብሮ ተገዝቷል ወይ? ቤንዚኑ ከየት ይመጣል? ዘይቱን የሚለካው ማን ነው? ሲበላሽ በየትኛው ገንዘብ ይጠገናል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባላገኙበት ሁኔታ ሁለተኛ ሞተር መግዛት ችግሩን ለሁለት ማብዛት ይሆናል።

ዘይት በዓይን አይለካም

መኪናና ብዙዎቹ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ዘይታቸውን ከሥር በተለየ ማጠራቀሚያ ይይዛሉ። ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ግን እንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ የለውም። ፒስተኑንና ኩሽኔታዎቹን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባና አብሮ ይቃጠላል። ቤንዚን ብቻውን ከተሰጠው ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ይህ ብልሽት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ማውረድና መፍታት፣ ብዙ ጊዜም ፒስተንና ሲሊንደር መቀየር ይጠይቃል።

በርካታ ሞተሮች የሚጠይቁት ልክ ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ነው። ይህም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ 400 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አዲስ ሞተር በሚለማመድበት የመጀመሪያ ጊዜ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ እጥፍ ዘይት ያዝዛሉ፤ ለ20 ሊትር 800 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ የሚገኘው ከሞተሩ ጋር ከሚመጣው መመሪያ መጽሐፍ ስለሆነ ከእርሱ መውጣት አያስፈልግም።

መለኪያ የለም የሚለው ምክንያት አያዋጣም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከየትም ይገኛል። ጠርሙሱን በእኩል አምስት ቦታ ምልክት አድርጎ አራቱን ያህል ዘይት መሙላት ለአንድ ጀሪካን የሚበቃውን 400 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። አቀላቀሉም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጀሪካኑ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ይደረጋል፤ ዘይቱ ይጨመራል፤ ክዳኑ ተዘግቶ በደንብ ይናጣል፤ ቀሪው ቤንዚን ተሞልቶ እንደገና ይናጣል። ዘይት በሞላ ጀሪካን ላይ አፍስሶ ሳይንጡ መሄድ ዘይቱ ከሥር እንዲቀር ያደርጋል። ሞተሩም አንድ ጊዜ ዘይት ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ቤንዚን ብቻ ያገኛል።

"ዘይት ቢበዛ ይሻለዋል" የሚለው አስተሳሰብም ልክ አይደለም። የበዛው ዘይት ሳይቃጠል ካንዴላውን ያቆሽሻል፣ የጭስ መውጫውን በጥቀርሻ ይደፍናል፣ ሞተሩን ያስቸግራል። የመኪና ሞተር ዘይትም ለዚህ ሥራ አልተሠራም። በውስጡ ያሉ ንጥረ ነገሮች ሲቃጠሉ አመድ እየተዉ ፒስተኑ ላይ ይከመራሉ። ለጀልባ የሚሆነው ዘይት ዕቃው ላይ "ቲሲ-ደብሊው 3" የሚል ምልክት ያለበት፣ ለውኃ ማቀዝቀዣ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተዘጋጀው ነው።

ቤንዚኑ ራሱ ሌላው ፈተና ነው። ማደያ ላይ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ የሚሸጠው ይገዛል። ይህ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ዘይት ከመጨመሩ በፊት ሁለት ቀላል ፍተሻዎች ማድረግ ይቻላል። አንደኛው ጥቂት ቤንዚን በነጭ ጠርሙስ አድርጎ ለአንድ ሰዓት ያህል ማሳረፍ ነው፤ ውኃ ካለበት ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ሁለተኛው በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጎ ማድረቅ ነው፤ ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን የቅባት ምልክት ይተዋል። ጀሪካን ግማሽ ሆኖ ሲያድር የሌሊቱ ቅዝቃዜ በውስጡ ጤዛ ስለሚፈጥር ከጀሪካኑ ሥር የሚቀረውን ጥቂት ቤንዚን ወደ ሞተሩ አለመገልበጥ ይመከራል። ሲቀዳም በንጹሕ ጥሩ ማጥለያ መሆን አለበት።

ቀጭኗ ውኃ ካልታየች

ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ ወይም ከኋላው ቀጭን ውኃ ትፈስሳለች። ብዙ ሰው ይህችን ውኃ እንደ ተራ ነገር ያያታል። እርሷ ግን ሞተሩ እየቀዘቀዘ መሆኑን የምትናገር ምልክት ናት። ከሐይቁ ውኃ የሚስበው ከሞተሩ የታችኛው ክፍል ውስጥ ያለ፣ የጎማ ክንፎች ያሉት ትንሽ የውኃ መግፊያ ነው። ይህ ጎማ ካለቀ፣ ወይም የውኃ መግቢያው ቀዳዳ ከተደፈነ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።

ከ2004 ዓ.ም ወዲህ በጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ይህን ችግር አባብሶታል። በተለይ በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ በአረሙ ውስጥ አቋርጦ የሚያልፍ ጀልባ ሥሩን እየጎተተ ስለሚሄድ የእምቦጭ ሥር የውኃ መግቢያውን ይደፍናል፤ ፕሮፔለሩ ላይም ይጠመጠማል። ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት የሚያመጡት ደለልም በወንዞቹ መግቢያ አካባቢ ውኃውን ያደፈርሰዋል። ደለል የሚስብ ሞተር የጎማ ክንፎቹ ቶሎ ይበላሉ።

ስለዚህ ሹፌሩ ሞተሩን እንዳስነሳ መጀመሪያ የሚያየው ይህችን ውኃ መሆን አለበት። በጉዞ ላይ ከቀጠነች ወይም ከቆመች ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንስቶ መግቢያውን ከአረም ማጽዳት፣ መውጫዋን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ መክፈት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልመጣች ችግሩ ከጎማው ነው። "ወደብ ድረስ ቀስ ብዬ ልድረስ" ማለት በትንሽ ዋጋ ሊቀየር የሚችል ጎማን በሙሉ ሞተር መለወጥ ነው። በመቅዘፊያ መመለስ ይሻላል። የጎማ መግፊያውን በየዓመቱ አስፈትቶ ማየት፣ ክንፎቹ የተሰነጠቁ ወይም የታጠፉ ከሆነ መቀየር ተገቢ ነው።

ሞተሩን ከውኃ ውጪ ለሙከራ ማስነሳት የተለመደ ስህተት ነው። የጎማ መግፊያው ያለ ውኃ ሲሽከረከር በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ለመሞከር ከተፈለገ የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ማስገባት በቂ ነው።

በአካባቢው በሚሠሩ የእንጨት ጀልባዎች ላይም አንድ መታየት ያለበት ነገር አለ። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሰሌዳ በጣም ከፍ ካለ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሥር በታች መሆኑ ይቀርና ወደ ላይ ይወጣል። ሞተሩም በውኃ ፋንታ አየር ይስባል፤ ይጮኻል፣ አይገፋም፣ ይግላል። ጠፍጣፋው ብረት ከጀልባው የታችኛው መስመር በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህን ጀልባ ሠሪው አናጺ ሰሌዳውን ከመቁረጡ በፊት ሞተሩን ለክቶ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው።

የመረብ ክር የሚያበላሸው ካምቢዮ

ዓሣ አስጋሪ ከሌላው የጀልባ ተጠቃሚ የሚለየው ሁልጊዜ በመረብና በገመድ መካከል መሥራቱ ነው። ቀጭን የናይለን ክር ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ክሩ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ባለው ዘንግ ላይ ገብቶ ውኃ እንዳይገባ የሚከለክለውን የጎማ ማኅተም ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ የካምቢዮው ዘይት በትንሽ በትንሹ እየወጣ ውኃ ይተካዋል። ሞተሩ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ መሥራቱን ይቀጥላል። ከሳምንታት በኋላ ጥርሶቹ ተበልተው ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይንቀሳቀስበት ቀን ይመጣል።

መከላከያው ፕሮፔለሩን በየጊዜው ፈትቶ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ክር ካለ ማውጣት፣ ዘንጉን ግራሶ ቀብቶ መመለስ ነው። የካምቢዮው ዘይት ሲቀየርም የወጣውን ዘይት በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ማኅተሙ ሳይቀየር አዲስ ዘይት መሙላት ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

የካምቢዮ ዘይት በየ100 የሥራ ሰዓት ወይም በየ6 ወሩ እንዲቀየር ይመከራል። ሰዓት መቁጠሪያ የሌለው ሞተር ላይ ይህን ማወቅ አስቸጋሪ ይመስላል። ነገር ግን የ15 ፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ በሰዓት ከ6 እስከ 7 ሊትር ገደማ ቤንዚን ስለሚጠጣ አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን የ3 ሰዓት ሥራ ያህል ነው። ስለዚህ 30 ጀሪካን ያለቀበት ሞተር ወደ 100 ሰዓት ተጠግቷል። ማኅበሩ ቤንዚን ሲገዛ በመዝገብ የሚይዝ ከሆነ የጥገና ጊዜውንም ከዚያው መዝገብ ማንበብ ይችላል።

ካንዴላም ብዙ ይናገራል። ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ቡናማ ቀለም ካለው ሞተሩ ደህና ነው። ጥቁርና ቅባታም ከሆነ ዘይት በዝቷል ወይም ቤንዚኑ ከአየሩ በልጧል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ መልክ ካለው ሞተሩ እየጋለ ወይም ቤንዚን እያነሰው ነው። መረብ ሲጣልና ሲነሳ ሞተሩ ለረጅም ሰዓት በዝግታ ስለሚሠራ ካንዴላው ቶሎ ይቆሽሻል። ሲመለሱ ለጥቂት ደቂቃ ጉልበት ሰጥቶ መንዳት ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል።

የከፍታው ድርሻ

ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ምክንያት አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1 ሺህ 8 መቶ ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር በስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ፋብሪካ ላይ የተስተካከለው ለባሕር ጠለል ከሆነ አየሩ ሲያንስ የሚያፈስሰው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ውጤቱ ጥቁር ካንዴላ፣ ብዙ ጭስ፣ የቤንዚን ብክነትና የጉልበት መቀነስ ነው። 15 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ሞተር በጣና ላይ የሚሰጠው 12 ተኩል ያህል ሊሆን ይችላል።

አስጋሪው ሞተሩ ደከመ ብሎ ያስባል። መካኒኩ ካንዴላ ይቀይራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። መፍትሔው አምራቹ ለከፍታ ቦታ ያዘጋጀውን ቀዳዳው ጠበብ ያለ የካርቡራተር ጂግለርና ለዚያ የሚስማማ ፕሮፔለር ማስገጠም ነው። እነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ሞተሩ ሲገዛ ከአቅራቢው ጋር ሊጠየቁ ይችላሉ። ሆኖም ጂግለሩ ለከፍታ የተቀየረ ሞተር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ከተወሰደ ቤንዚን ስለሚያንሰው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወር ይህ በርክክብ ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት።

ክረምት የጥገና ወቅት ነው

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የጣና ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣል። በዚህ ወቅት በወንዞች መግቢያ ላይ መረብ መጣል የነገን ዓሣ ዛሬ መጨረስ ነው።  ስለዚህ ክረምት ሞተሩን ከጀልባው አውርዶ ለመጠገን የተመቸ ነው።

ሞተሩ ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ የቤንዚን ቱቦው ተነቅሎ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ድረስ በርሜል ውስጥ ይሠራል። እንዲህ ካልተደረገ ቤንዚኑ ተኖ የሚተወው ሙጫ መሳይ ዝቃጭ ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ጥቅምት ላይ "ትናንት ደህና ነበር" የተባለ ሞተር አልነሳም የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይንጠባጠባል፤ የማስነሻ ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይሳባል፤ ካንዴላዎቹ ይመለሳሉ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀየረውም ከመቀመጡ በፊት ነው። ሞተሩ ቆሞ፣ ከዝናብና ከአይጥ ተጠብቆ ይቀመጣል። ለወራት የቆየ ቤንዚንም ለአዲሱ የሥራ ወቅት አይውልም።

በሥራ ወቅት ደግሞ አንድ ትንሽ ሣጥን ከጀልባው መለየት የለበትም። ሁለት አዲስ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ፣ የፕሮፔለር ፒን፣ ተጨማሪ የማስነሻ ገመድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቀጭን ሽቦና ጨርቅ ቢይዝ ሐይቁ ላይ ከሚያጋጥሙ ብልሽቶች ብዙዎቹን ይፈታል። መቅዘፊያና ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ሣጥኑን የሚቀድሙ ናቸው።

ለውኃ መሳቢያ ሞተር ባለቤቶችም

በፎገራ፣ በደራ፣ በደምቢያና በሌሎች የሐይቁ ዙሪያ ወረዳዎች ሽንኩርትና ሌላ አትክልት በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደርም ከዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ከጀልባው ሞተር ጋር አንድ ቤንዚን፣ አንድ መካኒክና አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ይጋራል። ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። አብዛኞቹ መሳቢያዎች ባለ አራት ምት ስለሆኑ ዘይታቸው የሚሞላው ከሥር ነው፤ ቤንዚኑ ላይ አይቀላቀልም። ሁለቱም ሞተሮች ባሉበት ቤት ወይም ማኅበር ጀሪካኖቹ በቀለም መለየት አለባቸው። ንጹሕ ቤንዚን በስህተት ወደ ጀልባው ከሄደ ሞተሩን ይገድለዋል። ዘይት የተቀላቀለው ወደ መሳቢያው ከሄደ ደግሞ ያጨሳል፣ ካንዴላውን ያቆሽሻል። ባለ አራት ምቱ በበኩሉ የሥሩ ዘይት በየጊዜው መታየትና መቀየር ይፈልጋል። ውኃ ሳይሞሉ ማስነሳትም እንደ ጀልባው ሁሉ መሳቢያውን ይጎዳል።

ከወረዳው የሚጠበቀው

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማደራጃዎች ሞተር ሲገዙ ወይም ከድጋፍ ድርጅት ሲረከቡ ትኩረታቸው በሞተሩ ቁጥር ላይ መቆም የለበትም። በግዢ ሰነዱ ውስጥ አምስት ነገሮች ቢገቡ አብዛኛው ችግር ከመነሻው ይቀንሳል።

አንደኛ፣ በአንድ ወረዳ፣ ቢቻል በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ሁሉ፣ ተመሳሳይ ሞዴል መግዛት ነው። የተለያየ ሞዴል ያላቸው አምስት ማኅበራት አምስት ዓይነት መለዋወጫ ይፈልጋሉ። አንድ ዓይነት ከሆነ ግን አንዱ ሱቅ ለሁሉም ይይዛል፤ ከአገልግሎት ውጪ የሆነው ሞተር ዕቃም ሌላውን ያስነሳል።

ሁለተኛ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚበቃ መለዋወጫ ከሞተሩ ጋር መግዛት ነው። የጎማ መግፊያ፣ ካንዴላ፣ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ፕሮፔለርና ፒን፣ የካምቢዮ ማኅተም፣ ጓርኒሲዮንና የማስነሻ ገመድ ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለባቸው። ሦስተኛ፣ ለ1 ሺህ 8 መቶ ሜትር ከፍታ የሚሆነው ጂግለርና ፕሮፔለር እንዲገጠም በውሉ ላይ ማስፈር ነው።

አራተኛ፣ ሥልጠናው ከርክክቡ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ማኅበር ቢያንስ ለሁለት ሰው፣ በእጅ እየፈቱ እየገጠሙ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። የመመሪያ መጽሐፉ ዋና ዋና ገጾች ወደ አማርኛ ተመልሰው ጀልባው ማረፊያ ላይ ቢለጠፉ ከሥልጠናው በኋላ የሚረሳውን ያስታውሳሉ። በአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የጀልባ ሞተርን በተግባር ትምህርታቸው ቢያካትቱ ጥገናው ከአንድ ሁለት ሰው እጅ ይወጣል።

አምስተኛ፣ ቤንዚን ነው። ዓሣ አስጋሪ ጀልባውን ማደያ ድረስ ይዞ መሄድ ስለማይችል በጀሪካን መቅዳት ግዴታው ነው። ማኅበራት በሥራቸው መጠን የተወሰነ ቤንዚን ከማደያ እንዲያገኙ ወረዳው ደብዳቤ ቢጽፍና ቢከታተል ከመንገድ ዳር የሚገዛው፣ ሞተሩን የሚያበላሸው ቤንዚን ይቀንሳል። ጉዳዩ ከሐይቁም ደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር በተፈጥሮው ከሚጠጣው ቤንዚን ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ከጭሱ ጋር ያስወጣል። ልኩን ያልጠበቀ ዘይትና ያልተስተካከለ ካርቡራተር ይህን ያብሱታል። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበ፣ ዙሪያውን ያለው ሕዝብም የሚጠጣው ሐይቅ ነው። ወደፊት በጀቱ ሲፈቅድ ወደ ባለ አራት ምት መሸጋገሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባለ አራት ምቱ ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ጥገናውም የበለጠ ሙያ ይጠይቃል። ባለ ሁለት ምቱን መንከባከብ ያልለመደ ማኅበር ባለ አራት ምቱንም አይችለውም።

ከማኅበራቱ በኩል የሚጠበቀው ደግሞ የጥገና ገንዘብ ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ ከሽያጭ ላይ ጥቂት ገንዘብ ሳይከፋፈል ቢቀመጥ ብልሽት ሲመጣ አባላት መዋጮ አይጠየቁም። ለምሳሌ በጉዞ 100 ብር የሚያስቀምጥ ማኅበር በወር 20 ጊዜ ከወጣ 2 ሺህ ብር፣ ክረምቱን ሁለት ወር አርፎ በ10 ወር ውስጥ 20 ሺህ ብር ይኖረዋል። ይህ ገንዘብ ለክፍፍል፣ ለበዓል ወይም ለብድር እንዳይውል በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ መጻፍና በተለየ የባንክ ሒሳብ መቀመጥ አለበት።

ሞተሩም አንድ ኃላፊ ያስፈልገዋል። ዛሬ እገሌ፣ ነገ እገሊት የሚነዱት፣ ማን ዘይት እንደለካ የማይታወቅ ሞተር ዕድሜው አጭር ነው። ማኅበሩ አንድ ሹፌርና አንድ ተተኪ መርጦ በመዝገብ ላይ ቤንዚኑን፣ ዘይቱን፣ የተቀየሩ ዕቃዎችንና የታዩ ችግሮችን ቢያስጽፍ፣ የወረዳው ባለሙያም ወር በወር መዝገቡን ቢያይ ትንሹ ችግር ሳይሰፋ ይያዛል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ለአዲስ ሞተር ጥያቄ የሚያቀርብ ማኅበር ከጥያቄው ጋር የነባሩን ሞተር መዝገብና የጥገና ሒሳቡን እንዲያያይዝ ወረዳዎች ከዚህ የበጀት ዓመት ጀምሮ ቢጠይቁ፣ ቀጣዩ ሞተር የሚሰጠው የያዘውን ለመጠበቅ ለቻለ እጅ ይሆናል። መዝገብ ለሌለው ማኅበር ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ በአምስት ምልክት የተደረገበት ጠርሙስና ዘይት የሚለካ አንድ ኃላፊ ነው።